ከካራማራ ማዶ ያለ ቀጠሮ

በአማርኛ «ታማሚ» እና «አስታማሚ» ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። ቋንቋው አንዱን ሕመሙ ውስጥ ጥሎ ሌላውን ደጅ አላቆመውም፤ ሁለቱንም በአንድ ሕመም አስሯቸዋል። የሆስፒታል ወረቀት ግን ይህን አያውቅም። ካርድ የሚወጣው፣ አልጋ የሚያዘው፣ መድኃኒት የሚታዘዘውና ቀጠሮ የሚጻፈው ለታማሚው ብቻ ነው። ታማሚው አዋቂ ሲሆን ይህ አሠራር ብዙም አያስከፋ ይሆናል፤ የአራት ዓመት ልጅ ሲሆን ግን ከእውነታው ጋር ይጋጫል። የአራት ዓመት ልጅ ብቻውን መናኸሪያ አይሄድም፣ ብቻውን አያድርም፣ መርፌው ሲያቅለሸልሸው ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ በካርዱ ላይ የተጻፈው ቀጠሮ በተግባር የሁለት ሰው ቀጠሮ ነው፤ እቤት የቀሩትን ወንድምና እህቶች ከቆጠርን ደግሞ የስድስትና የሰባት ሰው። ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት አሳብ ይኸው ነው፦ በሶማሌ ክልል ከጅግጅጋ፣ ከቶጎ ውጫሌ፣ ከሩቁ ከቀብሪደሃርም ሳይሆን ከቅርቡ ከቀብሪበያ ወይም ከሽንሌ ተነሥቶ ለካንሰር ሕክምና የሚሄድ ልጅ ሕክምናውን በመሐል ሲያቋርጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው በሽታው ወይም መድኃኒቱ አይደለም። መንገዱ፣ ማደሪያውና እቤት የቀረው ኑሮ ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ከመድኃኒቱ እኩል በሕክምናው ሒሳብ ውስጥ ካልገቡ መድኃኒቱ ራሱ ብክነት ይሆናል።

መጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት ልበል፤ «ካንሰር» የሚለው ቃል በአማርኛም ሆነ በሶማሊኛ ሲነገር የሚያስከትለው ዝምታ አለና። ዝምታው የመጣው ከአዋቂዎች ካንሰር ነው፤ ዘግይቶ ታውቆ፣ ዘግይቶ ታክሞ፣ ብዙ ሰው ቀብሮ ያስተማረን እርሱ ነው። የልጆች ካንሰር ከዚህ ይለያል። ከትምባሆ፣ ከአመጋገብ ወይም ከእናት ጥፋት የሚመጣ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው አይታወቅም። ዋና ዋናዎቹም የደም ካንሰር፣ የንፍፊት ዕጢዎች ካንሰር የሆነው ሊምፎማ፣ የአንጎል ዕጢ፣ በሕፃናት ኩላሊት ላይ የሚወጣው ዊልምስ የሚባለው ዕጢና በዐይን ውስጥ የሚበቅለው ሬቲኖብላስቶማ ናቸው። ልጅን ስታጥብ ሆዱ በአንድ ወገን ጠጥሮ የሚያገኘው የእናት እጅ፣ ወይም በፎቶ ላይ የአንዱ ዐይን ብሌን ነጭ ሆኖ መታየቱ ከብዙ መሣሪያ ቀድሞ ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 400,000 ያህል ልጆችና ታዳጊዎች በካንሰር ይያዛሉ። በሀብታም አገሮች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይድናሉ፤ በብዙ ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ድርጅቱ በ2018 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ባወጣው ዕቅድ በ2030 ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆኑት እንዲድኑ ግብ ጥሏል። ይህን ያህል ልዩነት ሲሰማ ብዙ ሰው «እዚያ ያለው እዚህ የሌለ መድኃኒት ምን ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ያስገርማል። የሕክምናው የጀርባ አጥንት የሆኑት ቪንክሪስቲን፣ ሜቶትሬክሴት፣ ሳይክሎፎስፋማይድና መሰሎቻቸው ከሃምሳና ከስድሳ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ፣ የባለቤትነት መብታቸው ካለፈ የሰነበተ አሮጌ መድኃኒቶች ናቸው።

«እኛ ዘንድ ስንት ልጅ ይኖርና ነው?» የሚልም ይኖራል። ዓለም አቀፍ የካንሰር ምዝገባዎች ሲደመሩ ዕድሜያቸው ከ15 በታች ከሆነ አንድ ሚሊዮን ልጆች መካከል በየዓመቱ 140 ያህሉ በካንሰር እንደሚያዙ ያሳያሉ። በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የሶማሌ ክልል ነዋሪ ከ4.4 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ሁለት ሚሊዮኑን ብቻ ልጅ ነው ብንል፣ ከዚያም ወዲህ የተወለደውን ሁሉ ብንተወው እንኳ በዓመት ወደ 280 ልጅ ይደርሳል። ይህ ግምታዊ ሒሳብ ነው እንጂ ቆጠራ አይደለም። ግን ጥያቄ ያስነሣል፦ እነዚህ ልጆች የት ናቸው? አንዳንዶቹ «የደም ማነስ» ተብለው፣ አንዳንዶቹ «ወባ» ወይም «ቲቢ» ተብለው፣ ስም ሳይወጣላቸው አልፈዋል። የዛሬው ንግግሬ ስለ እነርሱ አይደለም፤ በሽታው ታውቆላቸው ወረቀታቸውን ይዘው መንገድ ስለ ጀመሩት ጥቂቶች ነው።

በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ሕክምና ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ፤ የዛሬው ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ ወር ገደማ ነው፤ ልጁ በየሳምንቱ መርፌ ይወስዳል፣ ደም ይለካል፣ አንዳንዴ ደም ይሰጠዋል። ወሩ ሲያልቅ አብዛኞቹ ልጆች ላይ በማይክሮስኮፕ የሚታይ በሽታ የለም። ልጁ ይበላል፣ ይስቃል፣ ኳስ ይጠይቃል። በሽታው ግን አልጠፋም፤ ተደብቋል። ቀጣዮቹ ወራት የተደበቀውን የማሳደጃ ወራት ናቸው። በዊልምስ ዕጢም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ቀዶ ሕክምናው ከመሠራቱ በፊት ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት በሚሰጠው መድኃኒት ያበጠው ሆድ ይጎድላል። ለቤተሰብ ከሁሉ የሚከብደው ፈተና የሚመጣው ታዲያ ልጁ ሲደክም አይደለም፤ ሲሻለው ነው። ገንዘቡ ያለቀበት፣ እቤቱ የሚጠራው፣ ልጁም ፊቱ የበራለት አባት «ዳነልኝ፤ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ቢመለስ ዐይኑ ያየውን መስክሮ ነው የተመለሰው። የሕፃናት ካንሰር ሐኪሞች ለዚህ መቋረጥ መለኪያ አላቸው፦ ያለ ሕክምና ምክንያት ለአራት ተከታታይ ሳምንታት ወይም ከዚያ በላይ ያልተገኘ ልጅ ሕክምናውን እንደተወ ይቆጠራል። በሽታው ሲመለስ ደግሞ በመጀመሪያው መድኃኒት እንደ መጀመሪያው አይበገርም።

አሁን መንገዱን እንየው። ለረጅም ዘመን በኢትዮጵያ የልጆች ካንሰር ሕክምና ማለት የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ማለት ነበር። በዘርፉ ልዩ ሐኪሞችን እዚያው ማሠልጠን የተጀመረው ገና በ2010ዎቹ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አገልግሎቱ ወደ ጅማ፣ ወደ ጎንደርና ወደ መቀሌ ተስፋፍቷል። ጤና ጥበቃም ከ2019 እስከ 2023 የሚዘልቅ የሕፃናትና የታዳጊዎች ካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ አውጥቶ ነበር። ይህ ሁሉ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ግን ካርታውን ከጅግጅጋ ሆናችሁ ተመልከቱት። ጅማ ከአዲስ አበባ ወዲያ ነው፤ ጎንደርም መቀሌም ለእኛ ከአዲስ አበባ ይርቃሉ። ማስፋፋቱ አገሪቱን ሲያቀርብ ይህን ጥግ ባለበት ትቶታል። ጅግጅጋ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ የካራማራን ዳገት ወጥቶ፣ በባቢሌ አድርጎ፣ ሐረርን አልፎ፣ የጨርጨርን ተራሮች ተሻግሮ ወደ አዋሽ መውረድ ሙሉ ቀን ይበላል። ጉዞው ለቶጎ ውጫሌ ሰው ከዚህም አስቀድሞ ይጀምራል። የሲቲ ዞን ቤተሰብ በአንጻሩ ከጅግጅጋ ይልቅ ለድሬዳዋ ይቀርባል፤ በዞኑ ያለችው ሽንሌ ለድሬዳዋ የጎረቤት ያህል ናት። ክልሉ በወረቀት አንድ ቢሆንም የሕመምተኛው መንገድ ሁለት ነው፤ «የክልሉ ሪፈር ሥርዓት» ሲባል አንድ ቀስት ብቻ የሚሥሉ ዕቅዶች እዚህ ላይ ይስታሉ። ትኩሳት ያለበት፣ ነጭ የደም ሕዋሱ ያለቀበት ልጅ በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ ያን ሁሉ ሰዓት ሲቀመጥ የሚያስነጥሰው ተሳፋሪ ሁሉ አደጋው ነው። አውሮፕላን አለ፤ የትኬቱን ዋጋ ግን አንድ ጊዜ የቻለ ቤተሰብ በየወሩ አይችለውም።

«በየወሩ» ያልኩት ወደ ዋናው ነገር ያደርሰኛል። የሶማሌ ማኅበረሰብ ችግር ለደረሰበት ሰው የሚደርስበት ቃራን የሚባል መዋጮ አለው። የደም ካሣ ሲመጣ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ታሞ ወደ ሩቅ ሲወሰድ ዘመድ አዝማዱ በስልክ ይጠራራል፤ ከጅግጅጋ ገበያ፣ ከሐርጌሳ፣ ከሚኒያፖሊስ በሐዋላ ይላካል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባንክ የማያበድረው ገንዘብ ይሰበሰባል። በአገራችን ካሉት የመረዳጃ ልማዶች ፍጥነቱን የሚስተካከለው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንላለን። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ስንት ሰው እንደሚሸከም እንጂ ለስንት ጊዜ እንደሚሸከም አልተናገረም። ቃራን የተሠራው ለድንገት ነው፤ ላንድ ጊዜ ለሚወድቅ መከራ። የደም ካንሰር ግን ለሁለት ዓመት ተኩል በየሳምንቱና በየወሩ የሚመለስ ሒሳብ ነው። በመጀመሪያው ወር መዋጮው ሞልቶ ይፈሳል፤ ምርመራው በግል ላቦራቶሪ ይሠራል፣ ጥሩ ማረፊያ ይያዛል። በአራተኛው ወር አባት ያንኑ ስልክ ደግሞ ማንሣት ያፍራል። ዘመዱም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ልጁ እንደተሻለው ሰምቷል፣ የራሱም መከራ አለው። ገንዘቡ የሚደርቀው እንግዲህ ልጁ ደህና በሚመስልበት በዚያው ሰዓት ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ሕክምናው የሚበጠስበት ቦታ ነው።

እቤት የቀረውም አለ። ብዙውን ጊዜ አስታማሚዋ እናት ናት። በጅግጅጋና በዙሪያዋ የግመል ወተት ንግድ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነው፤ ሻይ የምታፈላውም፣ የውጫሌ ጨርቅ ዘርግታ የምትሸጠውም እናት ናት። እንዲህ ያለ ገቢ ፈቃድ አያውቅም፤ ሴትዮዋ አዲስ አበባ በተቀመጠች ቁጥር የዕለቱ ገንዘብ የለም፣ ደንበኛም ለሌላ ያድራል። ልጆቹን የእናታቸው እህት ትሰበስባለች፤ ሶማሌዎች አክስቲቱን ሐበርየር፣ ትንሿ እናት፣ ይሏታል። ስሙ ግዴታውን ይዞ ነው የተሰጠው፤ ትንሿ እናት ግን የራሷ ልጆች አሏት። ከብት ያለው ቤተሰብ ፍየሉን፣ ቀጥሎም ግመሉን ይሸጣል። እንስሳ እንደ ባንክ ደብተር ነው ይባላል፤ ልዩነቱ የዚህ ደብተር ዋጋ በዝናብ መውጣትና መውረዱ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የአፍሪካን ቀንድ በመታውና አምስት የዝናብ ወቅቶችን በተከታታይ ባሳጣው ድርቅ ከብቱ ከስቶ፣ ሻጩ በዝቶ፣ እህሉ ተወድዶ ነበር። በእንዲህ ያለ ዓመት ልጁ የታመመበት ሰው ለአንድ ዙር ሕክምና የሚሸጠው እንስሳ በደጉ ዘመን ለብዙ ዙር ይበቃው የነበረውን ነው።

«የለም፤ ዋናው ምክንያት ዕውቀት ማነስና ዕጣ ፈንታን መቀበል ነው» የሚለው ተቃውሞ በከተማ ሰው አፍ፣ አንዳንዴም በባለሙያ አፍ ይሰማል። ከፊሉን እቀበላለሁ። መጀመሪያ ወደ ባህላዊ ሐኪም የሄደ፣ ልጁ በእሳት የተተኮሰ፣ ቁርኣን ብቻ የተቀራለት አለ፤ በዚህ የሚጠፋው ጊዜ እውነተኛ ጥፋት ነው። ግን ይህ የሚያስረዳው ዘግይቶ መምጣትን እንጂ መጥቶ መተውን አይደለም። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ንብረት ሸጦ፣ የልጁ ዳሌ አጥንት ተወግቶ መቅኔ ሲወጣ ያየ ወላጅ በሕክምና አያምንም ማለት አይቻልም። ሃይማኖቱም ቢሆን አላህ መድኃኒት ሳያወርድለት የላከው በሽታ የለም ብሎ የሚያስተምር ነው፤ ኢማሞች ይህን አንድ ነገር ከጁምዓ ቀጥለው ደጋግመው ቢናገሩ ከብዙ ፖስተር ይበልጣል። ከዕውቀት ማነስ ይልቅ የሚያሳስበኝ የቋንቋ ነገር ነው። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ በአማርኛ ይናገራል፤ እናት የምትሰማው በሶማሊኛ ነው። ከመሐል የሚያስተረጉመው የአጎት ልጅ ወይም አጠገቡ ያለ ሌላ አስታማሚ ነው። «በሽታው ተደብቋል እንጂ አልጠፋም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በዚህ መንገድ ሲያልፍ «ጠፍቷል» ሆኖ ቢደርስ ማን ይፈረድበታል? ውሳኔውም በዚያ ክፍል ውስጥ አያልቅም። ጅግጅጋ ላለው አዴር፣ ማለትም ለአባት ወንድም፣ ለሽማግሌዎቹም ተደውሎ ነው የሚጸናው፤ እነርሱ ደግሞ ሐኪሙን አላዩትም። ለወላጆቹ የሚሰጠው ማብራሪያ በሶማሊኛ ተቀርጾ በስልክ ቢላክላቸው ወጪው ከአንድ ጠርሙስ መድኃኒት አይበልጥም።

መንገድና ማደሪያ የሕክምና አካል ናቸው የሚለው አሳብ የድሆች ልመና እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ በ1962 የተከፈተው ሴንት ጁድ የሕፃናት ሆስፒታል ከቤተሰብ ለሕክምናም፣ ለጉዞም፣ ለማደሪያም፣ ለምግብም ክፍያ አይጠይቅም። መንገዱ አስፋልት፣ ሕዝቡ ባለመኪና በሆነበት አገር ይህን ካደረጉ፣ ጉዳዩ ቸርነት ብቻ ሳይሆን የሕክምና ስሌት መሆኑ ይገባናል። ለእኛ የሚቀርበው ግን የብራዚሉ ምሳሌ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ ድርቅ በሚያጠቃው ድሃ አካባቢ፣ ረሲፊ የምትባል ከተማ አለች። በዚያ ከ1980 እስከ 1989 በደም ካንሰር ከታከሙ ልጆች 16 በመቶ ያህሉ ሕክምናውን አቋርጠዋል፤ አምስት ዓመት በሽታው ሳይመለስባቸው የዘለቁት 32 በመቶ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለልጆች ብቻ የተለየ የካንሰር ክፍል ተቋቋመ፣ ነርሶች ሠለጠኑ፤ ቤተሰቦችም ማረፊያ፣ የጉዞ ገንዘብና ማኅበራዊ ድጋፍ አገኙ። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሚያቋርጡት ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞሉ ሆኑ፤ አምስት ዓመት የዘለቁትም 63 በመቶ ደረሱ። ይህን ሁሉ ያመጣው ማረፊያው ነው ካልኩ አታምኑኝ፤ የተሻለ ሕክምናና የሠለጠነ እጅ ድርሻቸው ትልቅ ነው። ነገር ግን የአቋራጩ ቁጥር ወደ ዜሮ መውረዱን መድኃኒት ብቻ አያስረዳውም። መድኃኒት የሚሠራው ለመጣ ልጅ ነው።

በእኛም አገር ይህን ቀድመው የተረዱት ወላጆች ናቸው። በደም ካንሰር ባረፈ ልጃቸው ስም ወላጆቹ በ2004 የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ፣ እንዲሁም ወላጆች ያቋቋሙትና ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ልጆችና አስታማሚዎቻቸው አዲስ አበባ ውስጥ ማደሪያ የሚሰጠው ተስፋ አዲስ፣ በመንግሥት መዝገብ የሌለውን ረድፍ በራሳቸው ገንዘብና እንባ የጻፉ ናቸው። የእነርሱ አልጋ ግን ከመላው አገር ለሚመጣ ሰው ነው፤ ያለው ውስን፣ ፈላጊው ብዙ። በጅግጅጋ ነጋዴዎች፣ በክልሉ መንግሥትና በውጭ ባለው ተወላጅ የሚደገፍ፣ ሶማሊኛ የሚናገር ሠራተኛ ያለበት አንድ ማረፊያ ጥቁር አንበሳ አካባቢ መከራየት ሕንፃ ከመገንባት በእጅጉ ይቀላል። ደም የሚለግስ ዘመድ የሌለውም እዚያው ሰው ያገኛል፤ ደም እንዳይፈስ የሚያግዘው ፕላትሌት የሚባለው የደም ክፍል ከአምስት ቀን በላይ አይቀመጥምና ከጅግጅጋ ለጋሽ እስኪመጣ አይጠብቅም።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ኩፍኝ በየጊዜው በሚነሣበት፣ ሕፃናት በምግብ እጥረት በሚሞቱበት፣ ውኃ በቦቴ በሚታደልበት ክልል ለጥቂት መቶ ልጆች ይህን ያህል ማሰብ ፍትሕ ነው ወይ? በአንድ ልጅ የካንሰር ሕክምና ገንዘብ ስንት ልጅ ይከተባል? ይህን ጥያቄ ማጣጣል አይገባም። የክልሉን ጤና በጀት ላከፋፍል ብባል ክትባትን አስቀድማለሁ። ነገር ግን ጥያቄው አንድ ነገር ረስቷል፦ የካንሰሩ ገንዘብ አሁንም እየወጣ ነው። መንግሥት መድኃኒቱን ይገዛል፣ አልጋውን ይይዛል፤ ቤተሰቡ ግመሉን ሸጧል፤ ዘመዱ ቃራኑን አዋጥቷል። ልጁ በአራተኛው ወር ሲያቋርጥ ያ ሁሉ ወጥቶ ልጁም አልዳነም። እኔ የምለው አዲስ ትልቅ ወጪ ይጨመር አይደለም፤ የወጣው እንዳይባክን ጥቂቱ ይጨመር ነው። ደግሞም ሁለቱ እንደሚታሰበው ተቀናቃኞች አይደሉም። ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ራሱ የኩፍኝ ክትባት መውሰድ አይችልም፤ ሕያው ተሕዋስ ያለበት ክትባት ለእርሱ አደጋ ነው። የሚጠብቀው የወንድሞቹና የጎረቤት ልጆች መከተብ ነው።

«ታዲያ ለምን እዚሁ የካንሰር ማዕከል አይሠራም?» የሚለው ጥያቄ የክብርም ጥያቄ ስለሆነ በጭብጨባ ይታጀባል። በሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የካንሰር ማዕከል መከፈቱ ለምሥራቁ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ቀን ለልጆችም የተሟላ ክፍል ይኑረው እላለሁ። ነገር ግን የልጅ ካንሰር ክፍል ሕንፃና የጨረር መሣሪያ ብቻ አይደለም። የሠለጠነ የሕፃናት ካንሰር ሐኪም፣ መቅኔን አይቶ የሚለይ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ መድኃኒቱን ሳይሳሳት የሚቀምም ፋርማሲስት፣ ሌሊቱን የሚያድር ነርስ ያስፈልገዋል፤ እነዚህን ማፍራት ዓመታት ይወስዳል፤ በዓመት ጥቂት ልጅ የሚያይ ሐኪም ደግሞ እጁ አይፈታም። መካከለኛ መንገድ አለ። በደም ካንሰሩ ሕክምና ከባዶቹ ወራት ካለፉ በኋላ የሚመጣው ረጅሙ ምዕራፍ፣ አንድ ዓመት ከመንፈቅና ከዚያ በላይ የሚዘልቀው፣ በአብዛኛው እቤት በሚዋጥ ክኒንና በየጊዜው በሚደረግ የደም ምርመራ የሚሄድ ነው። ያን የደም ምርመራ ጅግጅጋ ይሠራዋል። ካራማራ ሆስፒታል አለ፤ የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲው ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል አለ። እዚህ ያለ አንድ የሕፃናት ሐኪም ከጥቁር አንበሳ ሐኪም ጋር በስልክ እየተመካከረ የክኒኑን መጠን ቢያስተካክል፣ ብዙዎቹ ጉዞዎች ከካራማራ ማዶ ሳይሻገሩ ይቀራሉ። በቲቢ ያየነው ይህንኑ ነው፤ አንድ ዘመን በሽተኛው ወደ መድኃኒቱ ይሄድ ነበር፤ መድኃኒቱ ወደ ጤና ጣቢያው ከወረደ በኋላ ግን ብዙ ሰው ጨረሰ።

እዚህ ላይ ስለ ትኩሳት ማስጠንቀቅ አለብኝ። ኬሞ የሚወስድ ልጅ ሲያተኩሰው እንደ ሌላው ልጅ «ነገ እናየዋለን» አይባልም። የመከላከያ ሕዋሱ ስለወረደ ተራ ተሕዋስ በሰዓታት ውስጥ ሊገድለው ይችላል፤ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ቢቻል በመጀመሪያው ሰዓት መጀመር አለበት። ለዚህ አዲስ አበባ በጣም ሩቅ ነው። በሶማሊኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ «ይህ ልጅ ኬሞ ላይ ነው፤ ትኩሳት ካለው ወረፋ አይጠብቅ» የሚል አንድ ካርድ፣ በድንገተኛ ክፍል ያለ ተረኛም እርሱን እንዲያውቀው ማድረግ፣ ከማውቃቸው የጤና ሥራዎች ሁሉ እጅግ ርካሹ ሳይሆን አይቀርም።

የገንዘቡ አሠራር ይቀራል። «ለሰው ገንዘብ ስትሰጡት ጥገኛ ይሆናል፤ ለሌላም ያውለዋል» የሚሉ አሉ። ጥገኝነት የሚፈጠረው መጨረሻ በሌለው ነገር ነው፤ ሕክምናው ግን የመጨረሻ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ገንዘቡን ከቀጠሮው ጋር ማሠር ይቻላል፦ ልጁ በቀጠሮው ሲገኝ ነርሷ ትመዘግባለች፣ የመመለሻውና የቀጣዩ ጉዞ ሒሳብ በእናትየው ስልክ ይገባል። መሣሪያው እዚሁ አለ፤ የዚህ ክልል ሰው ሄሎካሽና ቴሌብር በሚባሉት የስልክ ገንዘብ አገልግሎቶች ግመል ይሸጣል፣ ይገዛል። አገሪቱም በሴፍቲኔት መርሐ ግብር ከ2005 ጀምሮ ለሚሊዮኖች በየጊዜው እየከፈለች ልምድ አግኝታለች። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሕክምናን ይሸፍናል እንጂ የአስታማሚን አውቶቡስ አይሸፍንም፤ ከክልሉ ቢሮ ጋር ሊነሣ የሚገባው አንዱ ጉዳይ ይህ ነው። ቃራንም ቢሆን ይለወጥ አልልም፤ አከፋፈሉ ይለወጥ ነው የምለው። በመጀመሪያው ሳምንት የተሰበሰበው ገንዘብ ሁሉ በአባት እጅ ከሚሰጥ፣ ዘመዱ በሚያምነው ነጋዴ ዘንድ ወይም በሸበሌ ባንክ ተቀምጦ በወር በወር ቢወጣ፣ ያው መዋጮ ሁለት ዓመት ይዘልቃል። ሽማግሌዎች የደም ካሣን በየጊዜው ከፋፍለው ማስከፈል ያውቁበታል፤ ይህንን ለማስላት ሌላ ዕውቀት አያሻቸውም።

በመጨረሻ የማይድኑትን ልጆች ሳላነሣ ብቀር እውነት አጎድላለሁ። ሁሉ ነገር ተሟልቶም የሚሞት ልጅ አለ። ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ ሌላ ሒሳብ ይመጣል፤ በሕይወት ያለ ልጅ በአውቶቡስ ወንበር፣ በእናቱ ጭን ላይ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ አስከሬን ግን መኪና ይከራዩለታል። ቀብሩ ሳይውል ሳያድር እንዲፈጸም የሚፈልገው ሃይማኖትም፣ በአያቶቹ መቃብር አጠገብ ይረፍ የሚለው ዘመድም ልጁ ቶሎ እንዲመለስ ይጎትታሉ። ወላጅ ሐኪሙን ሳይሰናበት ሌሊት ልጁን ይዞ ሲወጣ «ጠፋ» ተብሎ ከአቋራጮች ጋር ይመዘገባል። ተስፋው ማለቁን ሐኪሙ በግልጽ፣ በሚሰማው ቋንቋ ቢነግረው፣ የሕመም ማስታገሻውን መጠን የሚገልጽ ወረቀት ቢሰጠው፣ ጅግጅጋ ላይ የሚቀበለው ሐኪም ስምና ስልክ በዚያው ወረቀት ላይ ቢኖር፣ የመመለሻው ሒሳብም ቢከፈል፣ ያ ልጅ በሌሊት አይወጣም ነበር። ጠዋት፣ ተሰናብቶ፣ ሕመሙ ታግሦለት ይሄዳል፤ እናቱም ትኬቱን ለመግዛት ማንንም አትለምንም።